የማን ልጅ ነሽ?

ጳጉሜ 4። ትናንት ማታ ከጋና ገባሁ። ሻንጣዬን ገና አልፈታሁትም። ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው።

የተወለድኩት ኬፕ ኮስት ነው። ከአክራ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ባሕር ዳር የተቀመጠ ከተማ። የአገሩ ሰው ግን ኦጓ ነው የሚለው። አባቴ የዚያው ሰው ነበር፤ ፋንቲ የሚባለው ብሔረሰብ ልጅ። እናቴ የጉለሌ ልጅ ናት። አባዬ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ አገኛትና ይዟት ሄደ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሁላችንም ተመለስን። ከዚያ በኋላ ኦጓን ያየሁት ሁለቴ ብቻ ነው። አንዴ ለአባዬ ቀብር፣ አንዴ አሁን።

ኮቶኩራባ የሚባል ትልቅ ገበያ አለ። ስሙ ከሸርጣን ነው የመጣው፤ በፋንቲ ሸርጣን «ኮቶ» ነው። የከተማው ምልክትም ሸርጣን ነው፣ ሐውልት ሁሉ አለው። እዚያ ገበያ በጭስ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ቆምኩ። ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና «ኤቡሱዋሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

አዲስ አበባ «የማን ልጅ ነሽ?» ስባል የአባቴን ስም እናገራለሁ። ሰው ግንባሩን ይቋጥራል። «እስቲ ድገሚው» ይለኛል። ኦጓ ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው በእናት በኩል ነው። ፋንቲዎች ዘር የሚቆጥሩት በእናት ነው። ልጅ የእናቱ ኤቡሱዋ፣ ማለትም የእናቱ ጎሳ ነው። የቤተሰብ መሬትም ሹመትም በዚያው መስመር ይወርዳል። የቤተሰብ አለቃ ሲሞት የሚተካው የገዛ ልጁ ሳይሆን የእህቱ ልጅ ወይም ወንድሙ ነው። የእናትሽ ቤት ከሌለ ኤቡሱዋ የለሽም።

እናቴ የጉለሌ ናት። ስለዚህ የለኝም።

«እናቴ የኢትዮጵያ ሰው ናት» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ አንድ ዓሣ አንስታ ምራቂ ጨመረችልኝ። ደግነቷ ገብቶኛል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ቆየ።

የአባዬ ቀብር ጊዜም እንደዚሁ ሆኖ ነበር። እኛ ጋ ሰው ሲሞት በማግስቱ ነው የሚቀበረው። እዚያ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ድግስ እስኪደገስ አስከሬን ሳምንታት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። እናቴ «ሰው እንዲህ ይቆያል?» እያለች ታለቅስ ነበር። ሁሉን ነገር የያዘው የአባዬ የእናቱ ወገን ነው። እሷም፣ እኔም፣ ወንድሜም ወንበር ላይ ተቀምጠን እንደ እንግዳ እናያለን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡና «ሣጥኑ የእናንተ ነው» አሉን። የሬሳ ሣጥኑን ማለታቸው ነው። በዚያ ሰዓት ተናደድኩ። ምንም ሳንጠየቅ ሒሳብ ሲሆን ትዝ አልናቸው ብዬ።

ዘንድሮ የአባዬን እህት ጠየቅኳት። ለካ የአባትን ሣጥን መግዛት የልጆቹ ድርሻ ነው። ልጆች እያሉ ጎሳው ራሱ አይነካውም። አባዬን አፈር ሲገባ ያለበሰው የእኛ እንጨት ነበር ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜ የኖርኩት እንደ ልጅ ስለቆጠሩኝ ነው።

የተወለድኩበት ቤት ለወገኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የጋና ሕግ ሚስትና ልጆች ድርሻ እንዲኖራቸው አድርጓል። መጠየቅ እንችል ነበር። እናቴ አልፈለገችም።

ግን በአባት የሚመጣ ነገርም አለ። አሳፎ ይባላል። ድሮ ከተማውን የሚጠብቅ የጦር ማኅበር ነበር። በኦጓ ሰባት አሉ። እያንዳንዱ ቁጥር፣ ቀለም፣ ከበሮና ባንዲራ አለው። ፖሱባን የሚባል፣ በሲሚንቶ አንበሳና መርከብ ሁሉ የተሠራበት የራሱ መሰብሰቢያም አለው። ባንዲራዎቹ ላይ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተሰፋ ተረትና ምሳሌ ይሣላል። በቅኝ ግዛት ጊዜ ጥግ ላይ የእንግሊዝ ባንዲራ ይሰፋባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ነፃነት ወዲህ የጋና ሆነ።

ከሰባቱ ስለ አንዱ ሳስብ ነው ያደርኩት። አክራምፓ ይባላል። አባታቸው አውሮፓዊ፣ እናታቸው የአገሬው ሴት የሆኑ ልጆች የተሰበሰቡበት ነው። ኤቡሱዋ ነበራቸው፤ በአባት በኩል ግን የሚገቡበት አልነበረም። የእኔ ግልባጭ ናቸው። እኔ በእናት የለኝም፣ በአባት አለኝ። የአባዬ አሳፎ ንትሲን ነው፤ ቁጥር ሦስት፣ ቀለሙ አረንጓዴ።

የሄድኩት ለፈቱ አፋህዬ ነው። የኦጓ ትልቁ በዓል ነው፤ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይውላል። እኛ ጋ ነሐሴ ሲያልቅ ወይም ጳጉሜ ሲገባ መሆኑ ነው። እናቴ ሁልጊዜ «እንቁጣጣሻቸው» ትለዋለች። ከበዓሉ በፊት ፎሱ በሚባለው ሐይቅ ዓሣ ማጥመድ ይከለከላል። ሐይቁን ከባሕሩ የሚለየው ቀጭን የአሸዋ ክምር ነው። ከበሮም ይከለከላል። ከተማው ጸጥ ይላል። የክልከላው ጊዜ ሲያበቃ ኦማንሄኑ፣ ማለትም የከተማው ባላባት፣ መረብ ይጥላል። ከዚያ ሐይቁ ተከፈተ። ሐይቁ እኔ ልጅ ሆኜ ከማውቀው በላይ ቆሽሿል። ፕላስቲኩን ሳይ አዘንኩ። መረቡ ግን አሁንም ቆሮሶ ያወጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ባሕሩ ወርጄ ነበር። ማክሰኞ ዓሣ አጥማጅ ባሕር አይገባም። ቀኑ የባሕሩ ነው፣ ያርፍበታል። ሁሉም አሸዋው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። እኔ የተወለድኩት ማክሰኞ ነው። እዚያ ልጅ በተወለደበት ቀን ስም ይወጣለታል፤ የማክሰኞ ሴት ልጅ አራባ ናት። መረብ የሚጠግን ሰውዬ ስሜን ጠይቆኝ ስነግረው ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ።

ከዚያ ወደ ኬፕ ኮስት ግንብ ሄድኩ። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1653 የጀመሩት ነው፤ ያኔ ጎንደር ላይ ፋሲል ነግሦ ነበር። በኋላ እንግሊዞች ወሰዱት። ከሥሩ ያለውን፣ ባሪያዎች ይታጎሩበት የነበረውን ጉድጓድ ልጽፈው አልችልም። ከጉድጓዱ በላይ ጸሎት ቤት እንደነበር ብቻ ልጻፍ። ግቢው ውስጥ አንድ መቃብር አለ፤ የፊሊፕ ኳኩ። የኦጓ ልጅ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ላኩት። እ.ኤ.አ. በ1765 የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስና ከአፍሪካውያን ሁሉ መጀመሪያ ተቀበለ። በዓመቱ ሲመለስ ፋንቲ ጠፍቶበት ነበር። ለገዛ ወገኑ በአስተርጓሚ ሰበከ። ግንቡ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲያገለግልና ሲያስተምር ኖሮ በ1816 ሞተ። ከእኔም አፍ ፋንቲ ከጠፋ ቆይቷል። የገባኝ ቃል ሁሉ የምግብ ነው። መቃብሩ አጠገብ ብዙ ቆምኩ። ጥበቃው መጥቶ «ደህና ነሽ?» እስኪለኝ።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ እጄን ይዛ አረንጓዴዎቹ ጋ ወሰደችኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊታችን የቤንትሲር ቀይ፣ ከኋላችን የንኩም ቢጫ። እናቴ መጀመሪያ ጊዜ ይህን ሰልፍ ስታይ «ባንዲራችን!» ብላ መንገድ ላይ ጮኻለች፤ አባዬ እስኪሞት ድረስ ሲያስታውሳት ይኖር ነበር። አንድ ከበሮ የያዙ አዛውንት አዩኝ። ኤቡሱዋዬን አልጠየቁኝም። «አባትሽ ማን ነው?» አሉኝ፤ የአክስቴ ልጅ ተረጎመችልኝ። ስሙን ነገርኳቸው። ድገሚው አላሉኝም። ዞር ብለው ለሌሎቹ አንድ ነገር ተናገሩ። አንዲት ሴት ከራሷ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ፈትታ አንጓዬ ላይ አሰረችልኝ። እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ አብሬያቸው ሄድኩ። ዘፈኑን አላውቀውም፤ አፌን ግን ከፍቼ ነበር።

ስመለስ ኬንኬ ይዤ መጥቻለሁ። የኮመጠጠ የበቆሎ ሊጥ ነው፤ በሙዝ መሰል ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀቀላል። እናቴ እዚያ ስትኖር እንጀራ ሲያምራት በእሱ ነበር የምትረሳው። ዛሬ ጠዋት ቅጠሉን ገልጣ አሸተተችው። «ኮባ ኮባ ይላል» አለች። ከዚያ አንጓዬን አየች። ጨርቁን ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችም። ፈታችው፤ ለበዓል ከምታጥባቸው ነጠላዎች ለይታ ብቻውን ዘፈዘፈችው።