የሲዲ ሰዒድን መስኮት መሣል፦ አሥራ አንደኛ ሳምንት

«በአንድ ወር እጨርሰዋለሁ» ብዬ የጻፍኩላችሁን ታስታውሳላችሁ? ይኸው ሦስተኛው ወር ሊገባደድ ነው፤ ደብተሬ አለቀ እንጂ መስኮቱ አላለቀም።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ፦ የምማረው ህንድ ውስጥ፣ በጉጃራት ትልቋ ከተማ በአህመዳባድ ነው። እሑድ እሑድ በባጃጅ ወደ አሮጌው ከተማ እሄዳለሁ። ከተማዋን ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 ቆረቆራት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እኔን የጠራኝ ግን ከዚያ 160 ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ ሱልጣኖቹ በሙጋሎች (ሰሜን ህንድን በያዙት ነገሥታት) ሊወድቁ ሲሉ የተሠራ አንድ አነስተኛ መስጊድ ነው። ያሠራው ሲዲ ሰዒድ ሐበሻ ነበር። በዚያ ዘመን ከእኛ አካባቢ፣ ብዙዎቹ በባርነት ተሽጠው፣ ባሕር ተሻግረው እስከ ጦር አዛዥነት የደረሱ ሰዎች እዚህ ነበሩ። «ሲዲ» ይሏቸዋል፤ «ሐበሺ»ም ይሏቸዋል። በመጀመሪያው እሑድ በሩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና «ኢትዮጵያ» ስላቸው፣ ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱኝ።

መስኮቱን «ጃሊ» ይሉታል። ቢጫማው የአሸዋ ድንጋይ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ ብርሃን እንዲያሳልፍ ተደርጓል። ከሁሉ የታወቀው ጃሊ አንድ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፎቹ እየተጠማዘዙና እየተጠላለፉ ቅስቱን ይሞላሉ፣ መካከላቸው ዘንባባ ቆሟል። የከተማዋ ምልክት ከሆነ ቆይቷል። ስመ ጥሩው የአስተዳደር ትምህርት ተቋም እንኳ ዓርማውን የወሰደው ከዚሁ ነው።

የብራና ሐረግ፣ ማለትም የብራና መጻሕፍትን ገጽ የሚያስጌጠውን ጉንጉን፣ መሣል ስለለመድኩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ትዕቢቴን አልደብቃችሁም። ሐረግ ስንሠራ መጀመሪያ በማስመሪያ አራት ማዕዘን እናሰምራለን፣ ከዚያ ጥብጣቡን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያሳለፍን እንጎነጉናለን፤ አንዱ ጥግ ከተዋጣ ሌላው እሱኑ ማዞር ነው። ይህ ዛፍ ግን ለማስመሪያ አይታዘዝም። ግንዱ ይጎብጣል፣ ግራው ቀኙን አይደግምም። ከግንዱ ጀምሬ ወደ ላይ ወጣሁ። ከቅስቱ ጫፍ ስደርስ ቦታ አልቆ ቅርንጫፎቹ ተጨናነቁ። አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስቱንም ቀደድኩ። ስድስተኛውን እንኳ አልቀደድኩትም፤ በላጲስ ብዛት ራሱ ተቀደደ።

መላውን ያገኘሁት በሰባተኛው ሳምንት ነው። የዛፉ ጃሊ ያለው በምዕራቡ ግድግዳ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከጀርባው ትመጣለች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ድንጋዩ ጠቆረብኝ፣ ቅጠሉም ቅርንጫፉም ጠፋኝ። የቀረው የብርሃን ቁርጥራጭ ብቻ ነው፦ አንዱ እንደ ምስር፣ አንዱ እንደ ዓሣ ሆድ፣ አንዱ እንደ ጨረቃ ስባሪ። ቅርንጫፉን ትቼ ቀዳዳዎቹን መሣል ጀመርኩ። አንዱን ቀዳዳ፣ ከዚያ ጎረቤቱን፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል የቀረውን ስስ ድንጋይ። በሁለት ሰዓት ውስጥ የመዳፌን ያህል ስፋት ወጣልኝ፤ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን አልተጨናነቀም። ሐረግ ለምትሠሩ አጥብቄ የምመክረው ይህን ነው፤ መስመሩ ሲያስቸግራችሁ ክፍተቱን ሣሉ።

ዘዴውን ወደ ፖሎቹም ወሰድኩት። ፖል ማለት በአንድ በር የሚዘጋ ጠባብ የመኖሪያ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል፣ የእንጨት ፊታቸው ተቀርጿል፣ መካከላቸው ሰማይ የሚያሳይ ትንሽ ግቢ አለ፣ ከግቢው ሥር ደግሞ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ። ወፎች የሚመገቡበት፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ያጌጠ ማማም በየሰፈሩ አለ። አሮጌው ከተማ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከህንድ ከተሞች የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም አቅም ያለው ብዙ ቤተሰብ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አዲሱ ሰፈር ሄዷል። የሣልኩት አንዱ ቤት ፊቱ ላይ ዝሆንና አበባ ተቀርጾበታል፤ በሩ ላይ ቁልፍ፣ በውስጡ እስከ ጣሪያ የተከመረ የጨርቅ ጥቅል።

የሳባርማቲ ወንዝ ዳርቻ ለእግር ጉዞ ደስ ይላል፣ ለሥዕል ግን ቀጥ ያለ ኮንክሪት ነው። አንድ ገጽ አባክኜበት ተመለስኩ። ማኔክ ቾክ ግን ጠዋት አትክልት፣ ቀን ወርቅና ብር፣ ማታ ምግብ የሚሸጥበት አደባባይ ነው፤ የማታውን ስሥል ከምጣዱ የተፈናጠቀ ቅቤ ገጹ ላይ አረፈ። ሥዕሉ መጥፎ ነበርና አላዘንኩም።

አሁን ያለሁበት፦ ከዛፉ ከግማሽ በላይ ወጥቷል፣ የላይኛው ቀኝ ጥግ ይቀራል። የመካከለኛው ቅስት በደፈናው በድንጋይ ተዘግቷል፤ የሙጋሎች ጦር ደርሶ ሥራው ተቋርጦ ነው ይባላል። እሱን ባዶውን እተወዋለሁ። ለመጨረሻው ቅጂ ጥቁር ወረቀት ገዝቻለሁ፣ ቀዳዳዎቹን ብቻ በነጭ ቀለም ልሞላ። በሙከራው ላይ ቀለሙ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ አስቸግሮኛል። በጥቁር ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ምን ያህል ታቀጥኑታላችሁ? ሁለት ጊዜ ትደርባላችሁ ወይስ አንዴ ይበቃል?