ዓይኑ ከየት እስከ የት ነው?

በጣና ዙሪያ ላሉ የዓሣ አሥጋሪ ማኅበራት መረብና ክር የሚያቀርብ መጋዘን ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ማኅበራቱ የሚፈልጉትን በቅጽ ይሞላሉ፣ ግዢ ክፍሉ ደምሮ ለአቅራቢው ይልካል፣ ዕቃው ሲመጣ እኔ ተረክቤ አከፋፍላለሁ። ቅጹ ላይ ስለ መረቡ የሚጠየቀው «የዓይን ስፋት በሴንቲሜትር»፣ ማለትም የመረቡ ቀዳዳ ስፋት፣ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ብዙ እስር መረብ ገባ። ከማኅበራቱ አንዱ መረብ በመጠገን ያረጁ አባት ልኮ ነበርና አንዱን እስር ፈትቼ ሰጠኋቸው። መረቡን ዘረጉ፣ ጣታቸውን ዓይኑ ውስጥ አስገቡ። ሁለት ጣት አልገባም። ትንሽ ዝም ብለው «ልጄ፣ ይህን ማን አዘዘው?» አሉኝ።

«እናንተ ናችሁ እንጂ ጋሼ። ቅጹ ላይ 5 ይላል።»

«5ማ እኔው ነኝ ያስለካሁ። ይህ ግን 5 አይደለም» ብለው ማስመሪያ አስመጡ። ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ጎረቤቱ ቋጠሮ ለኩ፤ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል። ከዚያ ዓይኑን በሁለት እጃቸው ወጥረው ከቋጠሮው እስከ ፊት ለፊቱ ቋጠሮ ለኩ፤ 5 ሆነ።

ነገሩ እዚያው ተገለጠልን። አሥጋሪው ዓይን ሲለካ ማስመሪያውን የሚያሳርፈው በአንዱ ጎን ላይ ነው። አቅራቢው ግን የሚሸጠው በተወጠረው ልክ ነው፤ ዓይኑ ተስቦ ሲገጥም ከቋጠሮ እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ ያለው ርቀት፣ ማለትም የጎኑ እጥፍ። ሁለቱም ትክክለኛ አለካክ ናቸው፣ ሁለቱንም ሰው ዓይን ይላቸዋል። ማኅበሩ የፈለገው በአቅራቢው ቋንቋ 10 ነበር። በወረቀቱ ላይ ግን 5 ተጻፈ፣ 5 ታዘዘ፣ 5 መጣ። ወረቀቱ በስንት እጅ ሲያልፍ «ከየት እስከ የት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ልዩነቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላልኩ። ዓሣ ወደ መረብ ሲገባ ጭንቅላቱ ያልፋል፣ ሰውነቱ ይጠብበታል፣ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ የዓይኑ ስፋት የትኛው ዓሣ እንደሚያዝና የትኛው እንደሚያልፍ ይወስናል። በዚያ መረብ የሚያዘው ገና ያልወለደ ጨቅላ ነው። ጣና ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ ላቤዎባርበስ የሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች የሚኖሩበት ሐይቅ ነው፤ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ጨቅላው እዚያ ሳይደርስ ካለቀ የሚራባ የለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ መጋዘን በር ላይ ግን የሚቆመው አዋጁ ሳይሆን ዕቃውን የሚያወጣው ሰው ነው።

ክርክር ተነሣ። ገንዘቡ ወጥቷል፣ አባላቱ እየጠበቁ ነው፣ «ለዛሬ ይውሰዱት፣ በሚቀጥለው እናስተካክላለን» የሚል ሐሳብ ከበላይ መጣ። እኔ የወጪ ሰነዱን አልፈርምም አልኩ። ያን ያህል የደፈርኩት አዛውንቱ አጠገቤ ስለቆሙ ይመስለኛል። እሳቸው ለኃላፊው ያሉት አጭር ነበር፤ «ይህን ወስጄ ብጥለው ነገ የምጥልበት አይኖረኝም።» ያልተፈቱት እስሮች ወደ አቅራቢው ተመለሱ፣ ልዩነቱ ተከፍሎ ትክክለኛው መጣ። የተፈታው አንዱ እስር መጋዘኑ ውስጥ ቀረ፤ ለአዲስ ሠራተኛ ማሳያ አደረግነው።

ከዚያ ቅጹን ከአዛውንቱ ጋር ቁጭ ብለን አሻሻልነው። አንድ ዓይን ሣልንበት፣ ሁለት ተቃራኒ ቋጠሮዎች ላይ ነጥብ አደረግን፣ «መረቡን ወጥረህ ከዚህ እስከዚህ ለካ» ብለን ጻፍን። አንድ ዓይን ብቻ መለካትም ያሳስታል፤ ቋጠሮ ሁሉ እኩል አይጠብቅም። ስለዚህ አሥር ዓይን በተርታ ወጥሮ ለክቶ ለአሥር ማካፈል የሚል ተጨመረበት።

ይህን ስንሠራ የክሩ ጉዳይ ተከትሎ መጣ። ቅጹ «ሲባጎ» ብቻ ይል ነበር። ሲባጎ ለነጋዴው የዕቃ ማሰሪያ ነው፤ ለአንዱ ማኅበር የተቀደደ መረብ መጠገኛ፣ ለሌላው መረቡን ከላይኛው ገመድ ጋር ማያያዣ። ፋብሪካው ግን 210/9 ወይም 210/12 ይላል። 210 ማለት የአንዱ ነጠላ ክር 9,000 ሜትር 210 ግራም ይመዝናል ማለት ነው፤ ከመስመሩ በኋላ ያለው ቁጥር ስንት ነጠላ ክር አብሮ እንደተፈተለ ያሳያል። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ አንድ ጫፍ ክር ወስደው በጥፍራቸው ተረተሩ፣ ነጠላዎቹን ለያይተው ቆጠሩ። ዘጠኝ ነበር። «ታዲያ ይኸው፣ መቁጠር ነው» አሉ። እኔ ከካታሎግ ያነበብኩትን እሳቸው በጥፍራቸው ደረሱበት፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ደስ ይለኛል።

አሁን ቅጹ ላይ ለክር የሚሆን የስም ቦታ የለም። ማኅበሩ የሚፈልገውን ክር አንድ ስንዝር ቆርጦ በስቴፕለር ያያይዛል፣ እኛ ተርትረን ቆጥረን ቁጥሩን ከጎኑ እንጽፋለን።