ከ30 ዜሮ

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ነው። ለመጋዘን መዝጋቢነት ማስታወቂያ አወጣን። ጽሑፍ ከ70፣ ቃል ከ30። በጽሑፉ 63 አምጥታ አንደኛ የወጣችው ልጅ ለቃሉ ስትቀርብ መስማት የተሳናት መሆኗን አወቅን። በጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ነው የመጣችው። በምልክት እንዲያስተረጉምላት ታናሽ ወንድሟን ይዛለች።

ሰብሳቢያችን «የምንቀጥረው እሷን ነው ወንድሟን?» አለ። ልጁ ሊተረጉምላት እጁን አንስቶ ነበር። መልሶ ኪሱ ከተተው። ያ ነገር ዛሬም ይከነክነኛል።

ከወጡ በኋላ «በቃል ካልመለሰች ዜሮ ነው»፣ «ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ቢመጣባትስ?»፣ «ስልክ ማን ያነሳል?» ተባለ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። ዜሮዋን ልሞላ ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ሰብሳቢውን «ጋሼ፣ አንዴ ይስሙኝ» አልኩት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ። የሥራው ጠባይ ካልከለከለ በቀር በጉዳቷ ምክንያት መጣል አይቻልም። ፈተናውንም የሥራ ቦታውንም ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ነው። ብትከስ ደግሞ አላዳላሁም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም እኛ ላይ ይወድቃል። ልጅቷን ደግሞ ማንም ምን እንደሚያስፈልጋት አልጠየቃትም።

ዝም አለ። «ታዲያ ምን እናርግ?»

«ጥያቄውን በወረቀት እንስጣት።»

በቃ፣ ይኸው ነው። «ቆጠራው ከቢን ካርዱ (ከዕቃው መመዝገቢያ ካርድ) ጋር ባይገጥም ምን ታደርጊያለሽ?» ለሚለው፣ ከየትኛው የወጪ ደረሰኝ ጀምራ ወደ ኋላ እንደምትሄድ በጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሞላች። ጋሼ ሁለቴ አነበበውና ምንም ሳይል ወደ እኔ ገፋው።

ተቀጠረች። ኤሌክትሪሻናችን ከበሩ ደወል ጋር ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አያያዘላት። ግማሽ ቀን ፈጀበት። የእግረኛ መሄጃው በቢጫ ቀለም ተሰመረ፣ መታጠፊያው ላይ መስታወት ተሰቀለ። ጆሮው ደህና የሆነውም ቢሆን በዚያ ጩኸት ፎርክሊፍት ሲመጣ አይሰማም ነበር እኮ! መልእክት በቴሌግራም ሆነ።

አንድ ቀን ያለፈውን ዓመት ፋይሎች አገላበጥኩ። መስማት የተሳነው አንድ ወጣት ተወዳድሮ ነበር። የቃል ፈተና፦ 0። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። በፋይሉ ባለው ቁጥር መልእክት ላኩለት። «ተሳስተዋል፣ የእሱ ስልክ አይደለም» የሚል መልስ መጣ።