ከአምፕሊፋየሩ በፊት በሩ

የእናቴ ቪትዝ ከጃፓን የመጣች መኪና ናት። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሯል፤ ቴፗ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ነው። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምራል፤ የእኛ ቴፕ ደግሞ 90 ላይ ያበቃል። ስለዚህ የአዲስ አበባን ጣቢያዎች ለመያዝ ሞገዱን በ20 ሜጋኸርዝ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ሣጥን አንቴናው ገመድ ላይ ተገጥማለች። ሸገር 102.1 የሚገኘው 82.1 ላይ ነው፤ ፋና 98.1 ደግሞ 78.1 ላይ። እናቴ ይህን ሒሳብ በቃሏ ከያዘች ዓመታት ሆኗታል። ቴፑን አውጥቼ ባለ ስክሪን ልግጠምልሽ ስላት «የለመድኩትን ቁጥር እንዳትነካብኝ» አለች። መኪናዋ የእርሷ ስለሆነች ክርክሩ እዚያው አበቃ፤ ቴፑ ይቆያል፣ ድምፁን ለማሻሻል ሌላው ይቀየራል።

የበሩን ሽፋን የፈታሁት በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ነበር። ከእጀታው ኋላ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ብሎን መኖሩን ሳላውቅ ጎትቼ ሁለት ክሊፕ ሰበርኩ። ውስጥ ያገኘሁት ስፒከር 16 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ተቀድዷል፤ ማግኔቱ የግማሽ ብርቱካን ያህል እንኳን አይሆንም። መኪናዋ ከሁለቱ የፊት በሮች በቀር ሌላ ስፒከር የላትም። ይህ ለእኔ መልካም ዜና ነበር፤ የምገዛው አንድ ጥንድ ብቻ ነው።

መርካቶ ውስጥ ከሱቅ ሱቅ ስዞር ካርቶኑ ላይ 1000 ዋት የተጻፈበት አምፕሊፋየር፣ ማለትም የድምፅን ኃይል የሚያሳድግ ዕቃ፣ ቀረበልኝ። ገልብጬ ፊውዙን አየሁ፤ 20 አምፔር ነው። 20 አምፔር በመኪናው 14 ቮልት ሲባዛ 280 ዋት ይሆናል፤ ከዚያም ላይ በሙቀት የሚባክነው ይቀነሳል። ታዲያ 1000 ዋቱ ከየት መጣ? ብዬ ስጠይቅ ሻጩ «እርሱ ሲጮህ ነው» አለኝ። የመኪና ቴፖች ግንባር ላይ የሚጻፈው የ50 ዋት ነገርም ከዚሁ ዘር ነው። ቮልቴጅ የሚያሳድግ ክፍል የሌለው ቴፕ በ4 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት ልክ ነው) ንጹሕ 20 ዋት ገደማ ቢያወጣ ነው። በመጨረሻ የገዛሁት ለግራና ለቀኝ ሁለት ቻናል ያለው፣ በእያንዳንዱ ቻናል በ4 ኦም 50 ዋት የሚሰጥ፣ ፊውዙ 15 አምፔር የሆነ አነስተኛ ዕቃ ነው። ቁጥሩ ከፊውዙ ጋር ይታረቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከስፒከር ገመድ በቀጥታ የሚቀበል መግቢያ አለው፤ የፋብሪካው ቴፕ ለአምፕሊፋየር የሚሆን መውጫ ስለሌለው ይህ ግድ ነበር።

የኤሌክትሪክ ገመድ ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ብርማ ሆኖ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለ ነበር፤ ውፍረቱም ሦስት እጁ ፕላስቲክ ነው። መልሼ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ንጹሕ መዳብ ወሰድኩ።

ገመዱን ከባትሪው ወደ ውስጥ ለማስገባት መቦርቦር አላስፈለገኝም። መሪው ሲዛወር በቀኝ በኩል የቀረው የድሮ ቀዳዳ በቆርቆሮ ተከድኖ ነበርና በእርሱ በኩል፣ ጠርዙን ጎማ አልብሼ አሳለፍኩት። ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር ተኩል ርቀት ላይ አሰርኩ። ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ከቦዲው ጋር ቢነካካ እሳት የሚከለክለው ይህ ፊውዝ ብቻ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ለዚያ አይደርስም። ሌላም ነገር አለ፦ የቴፑ የስፒከር ኔጋቲቭ የመኪናው ቦዲ አይደለም። ሁለቱም ገመዶች ድምፅ ይሸከማሉ። አንዱን «ያው ኔጋቲቭ ነው» ብሎ ቦዲ ላይ ያሰረ ሰው ቴፑን ለማቃጠል እየሞከረ ነው።

አምፕሊፋየሩን ከተሳፋሪው ወንበር ሥር አስቀመጥኩ፣ አዲሶቹን ስፒከሮች በሦስት በሦስት ብሎን የበሩ ቆርቆሮ ላይ አጣበቅሁ፣ ከፈትኩ። አፈርኩ። ድምፁ ጨመረ፤ ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ሆነ፤ ወፍራሙ ድምፅ የለም። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር የምትቀጥን የትንኝ ድምፅ መጣች።

ትንኟን ያጠፋኋት በማግሥቱ ነው። የአምፕሊፋየሩን ኔጋቲቭ ያሰርኩት ወንበሩ ብሎን ላይ ነበር፤ ከብሎኑ ሥር ደግሞ ቀለም አለ። ወለሉ ላይ ሌላ ቦታ መርጬ ቆርቆሮው እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ፋቅሁና አሰርኩት፤ ትንኝ የመሰለው የዲናሞው ጩኸት ጠፋ። የወፍራሙ ድምፅ መጥፋት ግማሽ ምክንያትም የእኔው ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ባትሪ ድንጋይ አምጥቼ የእያንዳንዱን ስፒከር ገመድ ለቅጽበት ነካ አደረግሁ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ሲገናኝ ወረቀቱ ወደ ውጭ መግፋት አለበት፤ የግራው ገፋ፣ የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። ማለትም አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርሳቸው ይበላሉ። የቀኙን ገመድ ገለበጥኩ፤ ተሻሻለ፤ ግን አሁንም ያወጣሁትን ገንዘብ የሚመጥን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ሳምንት ተውኩት። በእውነቱ ተናድጄ ነበር፤ አምፕሊፋየሩን ልመልሰው ሁሉ አስቤ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ቤት ውስጥ ያለ ስፒከር ሁሉ ሣጥን አለው። የበሩ ስፒከርስ? ሣጥኑ በሩ ነው፤ በሩ ደግሞ ወንፊት ነው። ወረቀቱ ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። የኋላው ሞገድ በመስኮት ማንሻው ትልቅ ቀዳዳ ዞሮ ከፊተኛው ሲገናኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። የፋብሪካው ስፒከር ቢያንስ በልኩ የተሠራ የፕላስቲክ ማቀፊያ ነበረው፤ የእኔዎቹ ክብ ሆነው ሰፊ ቀዳዳ ላይ ተሰቅለው፣ በጎናቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር።

ሰፈራችን ያለው አናጢ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሁለት ቀለበት ቆረጠልኝ። ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባኋቸው፤ በር ውስጥ ክረምት ሙሉ ውሃ ይወርዳልና። ከመቁረጡ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርጄ ማግኔቱ እንደማይነካው ለክቻለሁ። ትልቁን ቀዳዳ በቀጭን አሉሚኒየም ከድኜ፣ ከላይ የቡቲል፣ ማለትም ተጣባቂ ጎማ መሰል፣ ንጣፍ ለጠፍኩበት። ለጣሪያ የሚሸጠውን የሬንጅ ንጣፍ በርካሽ ለመጠቀም የመከሩኝ ነበሩ፤ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ውስጥ ይለሰልሳል፣ ሽታውም አይለቅም። ከበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን አልነካሁም፤ እነርሱ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። የቁልፉን ዘንጎችም እንዳይንኳኩ በጨርቅ ናስትሮ ጠቀለልኩ።

ይህን ሁሉ የሠራሁት ሆን ብዬ በግራው በር ብቻ ነው። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አወጣሁና ስፒከሮቹን ወደ ቴፑ መለስኩ፤ ድምፁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞርኩ አዳመጥኩ። በቴፑ 20 ዋት የሚሠራው የግራ በር፣ ሳምንት ሙሉ በአምፕሊፋየር ካዳመጥኩት የበለጠ ሙሉ ነበር። የጎረቤታችንን ልጅ ዓይኑን አስጨፍኜ ጠየቅሁት፤ «በግራ በኩል ሰውየው ደረት አለው» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለኝም። ለኮምፔንሳቶው፣ ለአሉሚኒየሙና ለንጣፉ የወጣው ገንዘብ ከአምፕሊፋየሩ ዋጋ ሩብ አይሞላም። ዛሬ ብጀምር በሩን እጨርስና አምፕሊፋየር ያስፈልገኝ እንደሆነ በሚቀጥለው ወር እጠይቅ ነበር።

ቢሆንም አምፕሊፋየሩ ተገዝቷልና መልሼ ገጠምኩት። በዚህኛው ዙር የአምፕሊፋየሩን መጠን ማስተካከያ እንደ ድምፅ መጨመሪያ እስከ ጥግ አላዞርኩትም። 50 ዋት በ4 ኦም ሲባዛ 200፣ የእርሱ ካሬ ሥር 14.1 ቮልት፤ አምፕሊፋየሩ በ50 ዋት የሚያወጣው ይህን ያህል ነው። ስፒከሮቹን ነቅዬ፣ የ400 ኸርዝ ድምፅ በሲዲ ከፍቼ፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጌ፣ ቴስተሩ 14 ቮልት እስኪያሳይ ድረስ ብቻ አዞርኩ። 400 ኸርዝ የመረጥኩት ርካሽ ቴስተር ከዚያ በላይ ሲሆን ንባቡ ስለማይታመን ነው። በመጀመሪያው ቀን አቀማመጥ ብለካው 19 ቮልት አሳየ፤ ያ በረዶ የመሰለ ድምፅ ከፊሉ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የተቆራረጠ ሞገድ ነበር ማለት ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን እጅግ ወፍራም ድምፅ ደግሞ አስቀረሁ፤ 16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር እዚያ ታች ይለፋል እንጂ አይሠራም።

በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ እናቴን ከቤተ ክርስቲያን ስመልስ የበገና ሲዲ አስገባች። ወዲያው ከግራው በር የሚንዘረዘር ድምፅ ሰማሁ። ቤት እንደ ደረስን ሽፋኑን ፈታሁ፣ ዘንጎቹን ዳሰስኩ፣ ቀለበቱን አጠበቅሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ ሲዲውን ከፈትኩ፤ ይንዘረዘራል። እናቴ በመስኮት ስታየኝ ቆይታ «ምን ሆነብህ?» አለች። ነገርኳት። «እንዚራው ነዋ፤ በገና እንዲያ ነው የሚለው» አለችኝ። ከአሥሩ አውታሮች ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ ነው እንግዲህ፤ በአሮጌው ስፒከር ለዓመታት ሰምተነው የማናውቀው።

ሽፋኑን ስመልስ ሦስተኛ ክሊፕ ሰበርኩ። አሁን በእውነት የሚንዘረዘር በር አለን።