ቡሬና ዳለቻ የልጅ ምግብ ሲተዉ

ድመቴን ዳለቻን ከሁለት ወር በፊት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስወስዳት ሚዛኑ 4 ኪሎ ከ900 ግራም አሳየ። ወንድሟ ቡሬ 4 ኪሎ ከ600 ነበር። ቡሬ አጥንቱ ትልቅ ነው፤ ቁመቱም ከእሷ ይበልጣል። ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። የሚበሉትም ከአንድ ሳህን ነው። ሐኪሟ የዳለቻን ጎን በሁለት እጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችና «እስካሁን የልጅ ምግብ ነው የምትሰጫት?» አለችኝ። ነው አልኳት። «ሳህኑስ ቀኑን ሙሉ ሙሉ ነው?» ነው አልኳት።

11 ወር ተኩል ሆኗቸው ነበር። የወሰድኳቸው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካለ የእንስሳት መጠለያ ነው። ስም ያወጣችላቸው እማዬ ናት። አንዱ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቡሬ አለችው፤ ግራጫዋን ዳለቻ። ሁለቱም ጎጃም ውስጥ ለከብት የሚወጡ ስሞች ናቸው። እማዬ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኔ ማታ ስለምሠራ ድመቶቹን ቀን ቀን የምትጠብቃቸው እሷ ናት።

ሐኪሟ የነገረችኝን ልንገራችሁ፤ እኔ ቀደም ብዬ ባውቀው ዳለቻ እዚህ አትደርስም ነበር። የድመት ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ አጥንት፣ ጡንቻና ጥርስ ይሠራል። ስለዚህ ምግቡ ከበድ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር፣ አፍኮ የሚሉት፣ ለሚያድግ ድመት ከምግቡ ደረቅ ክብደት ቢያንስ 30 በመቶ ፕሮቲን ይሁን ይላል። ላደገ ድመት 26 በመቶ ይበቃል። ካሎሪውም ይለያያል። እኔ ጋ ያለው የልጆቹ ከረጢት በአንድ ኩባያ 502 ካሎሪ ይላል፤ የአዋቂው 398። ብዙ ድመት ከ10 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እድገቱን ይጨርሳል። እንደ ሜይን ኩን ያሉ ትልልቅ ዝርያዎች ግን ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋሉ፤ እነሱን ቶሎ ከልጅ ምግብ ማውጣት አይገባም።

ሌላው ነገር ኦፕራሲዮኑ ነው። የእኛዎቹ ለእኛ ከመሰጠታቸው በፊት እንዳይወልዱ ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው የሚፈልገው ምግብ በሩብ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። የምግብ ፍላጎታቸው ግን ይጨምራል። ያኔ ገና ልጆች ስለነበሩ የልጅ ምግቡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የመጠን ልክ ነበር። ቡሬ ሲጠግብ ሳህኑን ትቶ ይሄዳል። ዳለቻ አትሄድም።

የውፍረቱን ነገር ሐኪሟ በራሴ እጅ ነው ያሳየችኝ። መዳፍሽን ወደ ታች አድርገሽ እጅሽን ዘርጊ። በሌላው እጅ ጣት የጣቶችሽን መነሻ አጥንቶች ዳብሺ፤ የድመት ጎድን እንደዚያ ሊሰማሽ ይገባል። እጅሽን ጨብጠሽ ዳብሺው፤ ድመትሽ እንደዚያ ከሆነች ከስታለች። አሁን መዳፍሽን ገልብጠሽ ውስጡን ዳብሺ፤ እንደዚያ ለስላሳ ከሆነች ወፍራለች። የቡሬ ጎን እንደ እጄ ጀርባ ነበር። የዳለቻ እንደ መዳፌ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ እሑድ እዳብሳቸዋለሁ።

ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። ደስ አላላትም። «እንስሳ ባዶ ሳህን ፊት አይቆምም፣ ነውር ነው» አለች። እሷ ያደገችው ደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው። የቤታቸው ድመት እንጀራ በወተት ነበር የሚሰጣት፤ የልጅ ምግብ፣ የአዋቂ ምግብ የሚባል ነገር የለም። «በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ እቤታችን አይገባም ነበር። ድመቷ ግን አንድ ቀን ከስታ አላየኋትም» አለችኝ።

ይህን ነገር ብዙ አሰብኩበት። እማዬ የተናገረችው እውነት ነው። ድመቷ አልከሳችም። ግን ጎተራ ሥር ያደረችው ለምን ነበር? እህሉ አይጥ አለው። ያቺ ድመት የኖረችው በአይጥ ነው፤ እንጀራውና ወተቱ ጭማሪ ነው። ድመት ታውሪን የሚባል ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም። ካጣችው ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። በ1987 እዚህ አገር፣ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ነበሩ ብዙ ድመት ይገድል የነበረው የልብ ሕመም ከታውሪን እጥረት እንደሚመጣና ታውሪን ሲሰጣቸው ልባቸው እንደሚያገግም ያሳዩት። አይጥ ታውሪን አለው። የእኛ አፓርታማ አይጥ የለውም። ለቡሬና ለዳለቻ ያ ሁሉ መምጣት ያለበት ከከረጢቱ ነው። ይህን ስነግራት እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና «አይጡን ረስቼው» አለች።

በዚያው ቀን ስለ ሽንኩርትም ተነጋገርን። ከወጥ ውስጥ ሥጋ እያነሳች ትጥልላቸው ነበር። ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ወጥ ውስጥ ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም። በቁሌት የተሠራ ነገር ለድመት አይሰጥም። ስትሰማ ደነገጠች። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሰጠቻቸውም።

አሁን ወደ ለውጡ ልምጣ፤ መጀመሪያ ላይ አበላሸሁት። ቅዳሜ ቀን የልጆቹ ከረጢት አለቀ። እኔም አዲሱን የአዋቂ ምግብ ሳህኑን ሞልቼ አቀረብኩ። ቡሬ በላ፤ ሰኞ ተቅማጥ ያዘው። ዳለቻ ደግሞ አሸተተችና ትታ ሄደች። እሑድም አልበላችም። ድመት ሳትበላ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፤ ሊገድላትም ይችላል። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሱቅ ሄጄ የድሮውን ምግብ ገዛሁና ለሐኪሟ ደወልኩ። ዳለቻ የድሮውን ስታይ ወዲያው በላች። ቆሜ ሳያት እንባዬ መጣ።

ሐኪሟ ያዘዘችው የአሥር ቀን ለውጥ ነው። ለቡሬ በቀን 60 ግራም መዝነን፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀን 45 የድሮ፣ 15 አዲስ። ቀጥሎ ሦስት ቀን እኩል በእኩል። ከዚያ ሦስት ቀን 15 የድሮ፣ 45 አዲስ። በአሥረኛው ቀን አዲሱ ብቻ። ሰገራው ከላላ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ እኛ አንዴ ተመልሰናል። ለዳለቻ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አድርጊበት አለችኝ። ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል፤ ድመት የምትመርጠው ከሁሉ በፊት በአፍንጫዋ ነው። ሠራልን።

ቡሬ ወደ አዋቂው ምግብ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ግራሙ ወደ 68 ከፍ አለ። ምግቡ ቀለል ስላለ ነው። ዳለቻ በቀን 200 ካሎሪ ተባለላት፤ በአዲሱ ምግብ 54 ግራም መሆኑ ነው፣ ለሁለት ጊዜ የሚከፈል።

ከረጢት ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አንዳንዱ ላይ «ለሁሉም የዕድሜ ደረጃ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ለአዋቂ የሚሆን መስሎኝ ላነሳው ነበር። ለሁሉም ዕድሜ የሚሆን ከተባለ የልጅንም መስፈርት ማሟላት አለበት፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ያው ከበድ ያለ ምግብ ነው። ከጀርባው በትንንሽ ፊደል ለእድገት ወይስ ላደገ ድመት እንደሆነ ይጻፋል። እሱን አንብቡ፤ ፊት ለፊት ያለውን የድመት ፎቶ ተዉት።

ከሁሉ የከበደን ለየብቻ ማብላቱ ነው። ቡሬን መታጠቢያ ቤት አስገብተን በሩን ለ20 ደቂቃ እንዘጋለን። ዳለቻ የራሷን ጨርሳ በሩ ሥር ትቀመጣለች። እያለቀሰች ነው፣ ትጮኻለች። እማዬ አጠገቧ ወለሉ ላይ ትቀመጥና ጀርባዋን እየደባበሰች ታወራታለች። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እሱም ያንቺን አልነካም» ትላታለች። እንደ ድሮው ብትጨምርላት ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። አትጨምርም።

ባለፈው ሳምንት ዳለቻ 4 ኪሎ ከ600 ሆናለች። ሐኪሟ የምትፈልገው 4 ኪሎ ከ200 ነው፤ ቀስ ብላ ትድረስ አለች። ጎኗን ስዳብሳት ጎድኗ ይሰማኝ ጀምሯል።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስገባ እማዬ በርበሬ የምትመዝንበት ሚዛን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ላዩ ላይ የዳለቻ ትንሿ ሳህን ተቀምጣለች። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አንዲት ፍሬ አነሳችና ወደ ከረጢቱ መለሰቻት።

«ሃያ ሰባት» አለችኝ። «ነይ እይው።»