ወንጂ፣ ከስብራቱ ላይ

ከአዳማ ወደ ወንጂ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ሸንኮራ አገዳው ላይ ነው። እኔ ግን ገደሉን ሳይ ነው የሄድኩት። ጓደኞቼ በቀጥታ ሶደሬ ወርደው ይዋኛሉ። እኔ መጀመሪያ ድንጋይ ካላየሁ አይሆንልኝም። ያላግጡብኛል፣ ለምጄዋለሁ።

ወንጂን እኛ በስኳር ነው የምናውቃት። ጂኦሎጂስቶች ደግሞ በመሬት ስብራት ያውቋታል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ደቡብ ምዕራብ የተሰለፉትን አጫጭር ስብራቶች በእሷ ስም ነው የሚጠሯቸው፤ ወንጂ ፎልት ቤልት። ስብራቶቹ ተደርድረው መሬቱን ደረጃ ደረጃ አድርገውታል። ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይታያል። ሜዳው ይሄድ ይሄድና በድንገት ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ ሌላ ሜዳ ይጀምራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሬት ጠንካራ ሽፋን አንድ ወጥ አይደለም። ውፍረቱ በአማካይ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሰባት ትልልቅና ብዙ ትናንሽ ፕሌቶች ሆኖ ተከፋፍሏል። ብዙ ሰው ፕሌቶቹ የቀለጠ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ይመስለዋል። ከሥር ያለው ዓለት ግን ጠጣር ነው። በጣም ስለሚግል ብቻ ነው በረጅም ዘመን ቀስ እያለ የሚፈሰው። ፕሌቶች ሲጋጩ እንደ ሂማላያ ያለ ተራራ ይነሳል። ጎን ለጎን ሲተሻሹ እንደ ካሊፎርኒያው ያለ ስብራት ይፈጠራል። የሚለያዩበት ቦታ ደግሞ በአብዛኛው ውቅያኖስ ሥር ነው። እኛ ዕድለኞች ነን፣ በባጃጅ ይደረሳል።

እዚህ የሚለያዩት ኑቢያና ሶማሊያ የሚባሉት ፕሌቶች ናቸው። አዲስ አበባ ኑቢያ ላይ ናት፤ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ጀምሮ ያለው ምሥራቁ ሶማሊያ ላይ ነው። አዳማና ወንጂ መሐል ላይ ናቸው። ቅርፊቱ ሲለጠጥ ይሳሳል፣ ይሰበራል፣ መሐሉ ይሰምጣል። ከሥር የሚመጣው ቅልጥ ዓለትም የሳሳውን ቦታ ተከትሎ ይወጣል። ቦኩ፣ ገደምሳ፣ ቦሰት፣ ፈንታሌ የምንላቸው ተራሮች ሁሉ በዚሁ መስመር ላይ የተቀመጡ እሳተ ገሞራዎች ናቸው።

ባጃጁን ኮንትራት ነበር የያዝኩት። ልጁ መሐል መንገድ ላይ ድንጋይ የሚቆፈርበት ቦታ ሲደርስ አቆመልኝ። ገደሉ ተቆርጦ ሆዱ ይታያል፤ ከታች ቀይ አሽ፣ ከላይ ነጣ ያለ ፑሚስ። ብሎኬት የሚመረትበት ፑሚስ መሆኑ ነው። አንዱን አነሳሁት፤ እጄ ላይ ያለ አይመስልም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል» አለኝ ልጁ።

ባጃጁን የሚያጥብበት የተቆረጠ ሃይላንድ ነበረው። ውሃ ጨምሮ ድንጋዩን ጣል አደረገበት። ተንሳፈፈ። ጋዝ የሞላው ቅልጥ ዓለት ፈንድቶ ሲወጣ በአረፋ መልኩ ይደርቃል፤ ቀዳዳ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በከተማው ስንቱ ቤት በዚህ ድንጋይ ብሎኬት እንደቆመ ሳስብ ገረመኝ። ከሥሩ ደግሞ ጥቁርና አብረቅራቂ ባልጩት ወድቆ አገኘሁ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ ኪስ ውስጥ አይከተትም።

ፍጥነቱን በተመለከተ ፌስቡክ ላይ በየጊዜው «ኢትዮጵያ ለሁለት ልትከፈል ነው» የሚል ወሬ ይዞራል። በዚህ አካባቢ ሁለቱ ፕሌቶች የሚራራቁት በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ አሰላና አዲስ አበባ የተራራቁት አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም። የሚቸኩል ሰው ይቸኩል።

ግን ይሄ አማካይ ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። መሬት በየዓመቱ 5 ሚሊ ሜትሯን እየቆጠረች አትከፈትም። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፣ በትንሽ በትንሹ ይጠራቀምና አንድ ቀን በጅምላ ይወጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር፣ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ ዓለት ተሞልቶ በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከፈንታሌ እስከ ዶፈን ባለው መስመር ቅልጥ ዓለት ከሥር ሲገፋ መንቀጥቀጡ ለወራት ቆየ። የትልቁ መንቀጥቀጥ መጠን በመለኪያው ወደ 6 የሚጠጋ ነበር፤ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል።

ወንጂ ቡና የምታፈላ እናት ስለዚያ ጊዜ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ አልጋው ሰው የነቀነቀው መስሎኝ ልጆቹን ተቆጣሁ» አሉኝ። ስኒው ሲንኳኳ ነው የገባቸው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሌሊት ጫማቸውን በር ሥር አድርገው እንደተኙ ነገሩኝ። እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ሲስቁ ጥርሳቸው ቡናማ ነው።

ይሄም ከስብራቱ ነው። በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ የሚያልፍ ውሃ፣ በተለይ ሞቅ ሲል፣ ፍሎራይድ ይሟሟበታል። ለመጠጥ የሚመከረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እንደሚበልጡ የታወቀው ገና ድሮ ነው። ጥርስ ሲያድግ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ላይ ቡናማው ቀለም ይቀራል። ሲብስ አጥንትም ይጎዳል። ስለ ስምጥ ሸለቆ ስናወራ ሐይቁንና ፍል ውሃውን እናነሳለን፤ ይሄን ግን እንዘለዋለን። ለእኔ ከገደሉ ሁሉ በላይ ይሄ ነው መነገር ያለበት።

ከሰዓት በኋላ ሶደሬ ወረድኩ። ጓደኞቼ ገንዳው ውስጥ ነበሩ፤ ጦጣዎቹ ደግሞ ሳንድዊቻቸውን ይጠብቃሉ። የውሃው መንገድ ቀላል ነው። ዝናቡ በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከጋለው ዓለት ጋር ይገናኛል፣ ሞቆ በሌላ ስንጥቅ ይወጣል። ለማስረዳት ሞከርኩ። አንዱ ውሃ ረጨብኝ።

ጊዜ ያለው ሰው መኪናውን ወደ መተሐራ ያዙር። ፈንታሌ ሥር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የፈሰሰው ላቫ ዛሬም ሣር አልሸፈነውም፤ ጥቁር እንደሆነ መንገድ ዳር ተኝቷል። አጠገቡ ያለው በሰቃ ሐይቅ ባለፉት 60 ዓመታት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ የኖረ ነው። ጫማ ግን ጠንከር ያለ ይሁን፤ ላቫው ላይ ሸበጥ አያዛልቅም።