በግ በልተን ባንጆ ሞክረን መጣን

ናሽቪል ስኖር ስምንት አመቴ ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ ይሄ ባንጆ የሚባል ባለ ክር መሳሪያ ሬዲዮ ላይ ሲመጣ ቶሎ ብዬ ነው የምቀይረው፣ የፈረንጅ ገበሬ ሙዚቃ ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ክራር የሚጫወት ጓደኛዬ ገና በጠዋቱ ደውሎ "ተነስ ኦወንስቦሮ እንሂድ፣ የብሉግራስ ሙዚየም አለ" ብሎ ነዘነዘኝ (ብሉግራስ በባንጆና በሌሎች ባለ ክር መሳሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ ነው)፣ የሱን ጭቅጭቅ ከምሰማ ሁለት ሰዓት ተኩል ብነዳ ይሻለኛል ብዬ ወጣን።

ኦወንስቦሮ ኬንታኪ ውስጥ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ወንዙን ስትሻገሩ ኢንዲያና ነው። ሙዚየሙ እዛው ወንዙ አጠገብ ነው፣ አሁን ያለበት ህንጻ የተከፈተው በ2018 እ.ኤ.አ ነው። ብሉግራስ ቃሉ ሰማያዊ ሳር ማለት ነው፣ ሳሩ ግን ሰማያዊ አይደለም፣ አይቼ አረጋግጫለሁ ሃሃ። የሙዚቃው ስም የመጣው የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ባንዱን ብሉ ግራስ ቦይስ ብሎ ስለሰየመው ነው፣ ብሉግራስ ደግሞ የኬንታኪ ቅጽል ስም ነው።

በብሉግራስ የተሸለሙትን ሙዚቀኞች ፎቶ ቶሎ ቶሎ አለፍኩት፣ ብዙ ነው ማንንም አላውቅም። የሞንሮ ታሪክ ግን ያዘኝ። በ1911 ሮዚን የምትባል መንደር፣ ከስምንት ልጆች መጨረሻ ተወለደ። ታላላቆቹ ፊድሉን (ቫዮሊን ማለት ነው) እና ጊታሩን ቀድመው ስለያዙት ለሱ ማንዶሊን የምትባለው ትንሿ ባለ ክር መሳሪያ ተረፈችው፣ እሷንም ብዙ እንዳትጮህ ብለው ከስምንቱ ክር አራቱን ብቻ አድርግ አሉት ይባላል። የወንድሞቹን ሹራብ ለብሶ ያደገ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ እኔ ገብቶኛል። እናትና አባቱ ሲሞቱበት ፔን የሚባለው ፊድል ተጫዋች አጎቱ ጋ ገባ፣ አጎትየው በየጭፈራው ቤት ይዞት ሲዞር ልጁ በጆሮው ለቀመ። ጓደኛዬ "አዝማሪ በቃ ይሄው ነው" አለኝ። አርኖልድ ሹልትዝ የሚባል ጥቁር ሙዚቀኛም አለ፣ ሞንሮ ከሱ ብዙ ተምሬያለሁ ይል ነበር። እኔ የፈረንጅ ብቻ ያልኩት ባንጆ ራሱ እኮ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ያመጡት ነገር ነው፣ ድሮ ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ነበር የሚሰሩት፣ ማሲንቆ እንዴት እንደሚሰራ ያየ ሰው ቆዳውን ሲያይ እንዴ ይላል።

መሳሪያ አውርዳችሁ የምትሞክሩበት ክፍል አለ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰውዬ ባንጆ ሰጡኝ፣ አምስተኛዋ ክር አጭር ናት፣ መወጠሪያዋ አንገቱ መሀል ላይ ነው፣ በአውራ ጣት እየተመታች ስራዋ ዝም ብሎ መነዝነዝ ነው (እንደ ጓደኛዬ)። ኧርል ስክራግስ የሚባል ባንጆ ተጫዋች በ1945 መጨረሻ ሞንሮ ባንድ ሲገባ በሶስት ጣት የሚመታውን ነገር ይዞ መጣ፣ ዛሬ ብሉግራስ ስንል የምንሰማው ፍጥነት ያ ነው። ሰውዬው ጣቶቼ ላይ ክሩን የሚመቱበትን ብረት አጠለቁልኝ፣ እኔ ግን ቆርቆሮ እንደምትቧጥጥ ድመት ነው የሆንኩት። ጓደኛዬ ቀማኝና ትንሽ ከነካካው በኋላ ትዝታ ጀመረ፣ አምስተኛዋ ክር መሀል እየገባች ትጠዘጥዛለች፣ ሰውዬውም ጊታር አንስተው ገቡበት!! ሲጨርሱ "ይሄ ደግሞ የየትኛው ካውንቲ ነው?" አሉ። ጓደኛዬ ኮስተር ብሎ "የጎንደር" አላቸው፣ እሳቸውም አወቅኩት አይነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይራባችኋል እንግዲህ። ደስ የሚለው ኦወንስቦሮ የታወቀችው በበግ ባርቤኪው ነው፣ አሜሪካ ላይ በግ ብርቅ አይደል፣ እዛ ግን በጭስ ቀስ እያለ የበሰለ የትልቅ በግ ስጋ ነው፣ በርጉ የሚባል ወፈር ያለ ሾርባም አላቸው። ስጋው አንደኛ ነው፣ ማጥቀሻው ግን ኮምጣጣ ነገር ነው አልተስማማኝም። ጓደኛዬ ግራ ቀኝ አየት አየት አደረገና ከጃኬቱ ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አወጣ።